የአያ ደባልቄ ቡችላ ጅራት

ልጆች፣ ተረት ተረት ስላችሁ «ከመሠረቱ ንገረን» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ ብላችሁ አድምጡ።

በድሮ ዘመን፣ ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፣ አያ ደባልቄ የሚባል ገበሬ ነበር። አያ ደባልቄ ስጉ ሰው ነው። ማታ የበሩን መወርወሪያ ይዘጋል። ተመልሶ ያየዋል። ደግሞ ተመልሶ በእጁ ይነካዋል። ሚስቱ አንጓች፣ «መወርወሪያው እግር የለው፣ የት ይሄድብሃል?» እያለች ትስቅበት ነበር።

አያ ደባልቄ ያለችው አንዲት ዳለቻ ላም ናት። እሷም ልትወልድ ደርሳ አግታለች። ከወለደች ለሦስቱ ልጆቹ ወተት አለ፤ ለአንጓች ቅቤ አለ። ላሟ ከጠፋች ግን ቤቱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያስበው ስለ ላሟ ነበር።

በዚያ አገር ጅብ በዝቶ ነበር። መንደርተኛው ከብቱን ሁሉ በአንድ ትልቅ በረት ያሳድራል። በረቱን የሚጠብቁት የየቤቱ ውሾች ናቸው። ከውሾቹ ውስጥ ጅራት ያለው አንድም የለም። ውሻ ገና ቡችላ ሳለ ጅራቱ ይቆረጣል። የተቆረጠው ጅራት በእሳት ይጠበስና ለራሱ ለቡችላው ይሰጣል፤ ደፋር ይሆናል ተብሎ። የአገሩ ልማድ ይኸው ነበር።

አንድ እሑድ አያ ደባልቄ ከአማቱ ቤት ቡችላ ይዞ መጣ። ቀይ ቡችላ ነው። ጅራቱ ረጅም ነው፤ ጫፉ ነጭ ነው። ስሙን መቻል አለው።

ወሬው ወዲያው ተሰማ። አያ ስንሻው መጣ። አያ ስንሻው የመንደሩ ጉልበተኛ ነው፤ በሬ በቀንዱ ይዞ ይጥላል። ሦስት ጅራተ ቆራጣ ውሾች አሉት። የመንደሩን ቡችላ ሁሉ ጅራት የሚቆርጠውም እሱ ነው።

«ደባልቄ፣ ቡችላ አመጣህ አሉ።»

«አመጣሁ፣ አያ ስንሻው።»

«ይኼ ጅራት ምነው እንዲህ ረዘመ? ያመጣኸው ውሻ ነው ወይስ የዝንብ ጭራ?»

«ሲፈጥረው ነው እንጂ እኔ አላስረዘምኩት።»

«በል፣ ቅዳሜ ካራዬን ስዬ እጠብቅሃለሁ። ይዘኸው ና።»

አያ ደባልቄ ድንግጥ አለ። «ባይቆረጥስ?» አለ።

«ባይቆረጥማ ላምህን ከበረታችን ታወጣለህ። ባለ ጅራት ውሻ ጅብ ይጠራብናል።»

አያ ስንሻው ይህን ብሎ ሄደ። አያ ደባልቄ ከቡችላው አጠገብ ቁጭ አለ። አሰበ። ካላስቆረጥኩ ላሜ ውጭ ታድራለች፤ ጅብ ይበላታል። ባስቆርጥስ? ባስቆርጥና ስህተት ቢሆንስ? ጅራት እኮ ሣር አይደለም፤ ሐምሌ ሲመጣ ተመልሶ አይበቅልም።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አለች አንጓች። «ሰው ሁሉ ይቆርጣል፤ አንተም ቁረጥ።»

«ሰው ሁሉ ለምን ይቆርጣል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለ አያ ደባልቄ።

ሰኞ ማለዳ ወደ አያ ስንሻው ማሳ ሄደ። አያ ስንሻው አረም ያርማል።

«አያ ስንሻው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ።»

«የውሻ ጅራት ለምን ይቆረጣል?»

«ይኼም ይጠየቃል? ጅብ ውሻን በጅራቱ ይዞ ይጎትተዋል። ጅራት ከሌለው ምኑን ይይዘዋል?»

«ሲይዘው አይተሃል?»

አያ ስንሻው ቀና አለ። የያዘውን አረም ጣለ። «አላየሁም። ሰምቼ ነው።»

«ከማን ሰማህ?»

«ከእማማ ስመኝ። አንተ ሰውዬ፣ ሳትጠይቅ እንጀራም አትቆርስ መሰለኝ! ሂድና አረምህን አርም!»

አያ ደባልቄ ግን አረሙን ሊያርም አልሄደም። ማክሰኞ ወደ እማማ ስመኝ ሄደ። እማማ ስመኝ በመንደሩ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡ ባልቴት ናቸው። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እማማ ስመኝ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ልጄ። ግባ እንጂ።»

«ልገባ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። የውሻ ጅራት ለምን ይቆረጣል?»

«ጅብ ይዞ ይጎትተዋላ!»

«ሲይዘው አይተዋል?»

እማማ ስመኝ እንዝርታቸውን አቆሙ። «እኔ? በዚህ ዓይኔ? ጥጡ እንኳ አይታየኝም፣ በዳሰሳ ነው የምፈትለው። ሰምቼ ነው፣ ልጄ።»

«ከማን ሰሙ?»

«ከባለ ንቡ ከአባ ዳምጤ። እኔ ልጅ ሳለሁማ የሚቆርጥ አልነበረም። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ባለ ጅራት ነበር።»

«ያን ጊዜ ጅብ ከብት ይወስድ ነበር?»

እማማ ስመኝ ብዙ አሰቡ። «ይወስድ ነበር። ግን በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። እንዳሁኑ በየሳምንቱ አልነበረም። ለምን እንደበዛ እንጃ!»

አያ ደባልቄ አመስግኖ ወጣ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ጅራቱ ሳይቆረጥ በዓመት አንዴ። ጅራቱ ሲቆረጥ በየሳምንቱ። ራሱን እያከከ ቤቱ ገባ።

ረቡዕ ወደ አባ ዳምጤ ወረደ። አባ ዳምጤ ከወንዙ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ቀስ ብለህ ተራመድ!» አሉት ከሩቅ። «ንቦቼ ዛሬ ተቆጥተዋል።»

አያ ደባልቄ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ቀረበ። «አባ ዳምጤ፣ የውሻ ጅራት ለምን ይቆረጣል?»

«ጅብ ይዞ እንዳይጎትተው ነው።»

«ሲይዘው አይተዋል?»

«እኔ አላየሁም። አንድ እንግዳ ነው የነገረኝ።»

«ምን ዓይነት እንግዳ?»

«በክረምት ዝናብ አባርሮት የመጣ ነው። ኩታውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ሲሄድ ያነክሳል። ሲናገር በአፍንጫው ነው። ቆሎ ብሰጠው አልበላም፤ አጥንት የለም ወይ አለኝ። መደብ ላይ ተኛ ብለው፣ ቁርበት አንጥፍልኝ አለ። አነጠፍኩለት። ጠዋት ብነሣ እንግዳውም የለ፣ ቁርበቱም የለ።»

የአያ ደባልቄ ፀጉር ቆመ። «ቁርበቱን ይዞት ሄደ?»

«ጠርዙ ቀርቷል። የታኘከ ይመስላል። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት።»

«አገሬ ወዴት ነው አለዎ?»

«ከማዶ፣ ከዚያ ከዋሻው ዘንድ።»

«አባ ዳምጤ፣ እዚያ እኮ ቤት የለም!»

«የለም እንዴ?» አሉ አባ ዳምጤ፤ ወደ ማዶ እያዩ። «እኔ እንኳ አልጠየቅሁም። እንግዳ አይመረመርም ብዬ።»

አያ ደባልቄ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ራትም አልበላም። አንድ መንደር ሙሉ የሚያደርገው ነገር ከአንድ እንግዳ የመጣ ነው። እንግዳው ደግሞ ቁርበት ይበላል። ፈራ። ግን ከመፍራቱ ይልቅ አለማወቁ ባሰበት። «እስከ ምንጩ ሳልደርስ አልመለስም» አለ።

ሐሙስ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደ ዋሻው ሄደ። ጠንቃቃ ነውና ወደ ዋሻው አልቀረበም። ከገደሉ ወዲህ ቆመ፤ ዋሻው ከገደሉ ወዲያ ነው። ገደሉን ፍየል እንኳ አይዘለውም። ይህን ሦስት ጊዜ ካረጋገጠ በኋላ ተጣራ።

«አያ ጅቦ! አያ ጅቦ!»

አያ ጅቦ ዓይኑን እያሻሸ ወጣ። «ማነው በእንቅልፌ ላይ የመጣ?»

«እኔ ነኝ፣ ደባልቄ ነኝ። ምክር ልጠይቅህ ነው።»

ጅቦ ደስ አለው። ምክር የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። «ጠይቅ፣ ወንድሜ! ምክርማ ሞልቶኛል።»

«የውሻ ጅራት ይቆረጥ ብለህ የመከርከን አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ለእናንተው አዝኜ ነው እኮ። ዘመዶቼ ባለጌ ናቸው፤ ውሻ ሲያገኙ በጅራቱ ይዘው ይጎትታሉ።»

አያ ደባልቄ በልቡ፣ «ለአህዮቻችን ያላዘነ ለውሻ ጅራት አዘነ!» አለ። በአፉ ግን እንዲህ አለ፦

«እግዜር ይስጥህ፣ አያ ጅቦ። አንድ ነገር ግን ቸገረኝ። ቡችላዬ ጅራቱ በጣም ረጅም ነው። ሚስቴ ግማሹን ብቻ ቁረጥ ትለኛለች። ግማሹ ይበቃል?»

«አይበቃም! ከሥሩ ቁረጠው!»

«ሩቡን ብተውለትስ?»

«ሩቡም አይቅር! ከሥሩ!»

«ጣት የምታህል ጉማጅ ብትቀርስ ምን ትጎዳለች?»

ጅቦ ተናደደ። መሬቱን በእግሩ ጫረ። «ጣት የምታህል ብትቀርም ትናገራለች!»

ወዲያው አፉን ገጠመ።

«ምን ትናገራለች?» አለ አያ ደባልቄ።

«ምንም። እንቅልፍ ነው ያናገረኝ። በል ደህና ዋል» አለና ወደ ዋሻው ገባ።

አያ ደባልቄ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ጅብ ያኘካት አንዲት አጥንት ወድቃ አየ። በቅጠል ጠቅልሎ ያዛት። ለምን እንደያዛት ገና በደንብ አላወቀም።

ዓርብ ሥራ አልሠራም። ከመቻል ኋላ ተቀምጦ ጅራቱን ሲያይ ዋለ። አንጓች አለፍ ስትል፣ «እንግዲህ ከጅራት ጋር ተጫወት!» አለችው።

«ይናገራል እኮ፣ አንጓች። ምን እንደሚናገር ነው የጠፋኝ።»

«እኔ ስናገር ግን አትሰማም!» ብላ እንስራዋን አዝላ ውኃ ልትቀዳ ወረደች።

ከወንዙ ስትመለስ መቻል፣ «ሃው!» አለ። ጅራቱ ወዲያና ወዲህ እንደ ወንፊት ተወዛወዘ። አያ ደባልቄ አየ።

ወደ ቀትር አንድ የማያውቁት ጨው ነጋዴ በደጃፉ አለፈ። መቻል፣ «ሃው!» አለ። ጅራቱ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አለ። አያ ደባልቄ አየ።

ከዚያ ቅጠሉን ፈትቶ አጥንቷን መሬት ላይ አስቀመጣት። መቻል አሸተተ። «ሃው!» አለ። ጅራቱ ግን እንደ ዱላ ደረቀ። ወገቡ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። አያ ደባልቄም ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አንጓች! አንጓች! ነይ ቶሎ!»

«ምን ሆንክ? ነከሰህ?»

«አፉ ሦስቴም ሃው ነው ያለው። ጅራቱ ግን ሦስት ነገር ተናገረ! አፉ መጡ ይላል፤ ማን እንደመጣ የሚናገረው ጅራቱ ነው!»

አንጓች ወደ አጥንቷ አየች። ወደ ጅራቱ አየች። አልሳቀችም። «ነገ ስንሻው አያምንህም» አለች። «መንገርህ አይበቃም። ማየት አለበት።»

ቅዳሜ ነጋ። ጉም አገሩን ሸፍኖታል፤ ሰው ከአሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። መንደርተኛው በአያ ስንሻው ግቢ ተሰበሰበ። ሌሎች ሦስት ቡችላዎችም መጥተዋል። እሳቱ ነዷል። ካራው ተስሏል።

«ደባልቄ፣ አምጣው!» አለ አያ ስንሻው።

«አላስቆርጥም» አለ አያ ደባልቄ። «ይኼ ልማድ ከሰው የመጣ አይደለም። ምንጩን አግኝቼዋለሁ፤ ጅብ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ደባልቄ ከጅብ ጋር ምክር ጀምሯል!» አለ አንዱ። «እንግዲያው ጅቡ ለልጁ ክርስትና ያንሣለት!» አለ ሌላው።

አያ ስንሻው አልሳቀም። «ላሙን አውጡለት» አለ። ዳለቻዋን ላም ከበረት አወጧት። ሆዷ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። ጉሙ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ጮኸች። አያ ደባልቄ እንባው መጣ። ግን ቡችላውን አላስረከበም።

«ሦስት ሰው እስኪመጣ ታገሡኝ» አለ። «ይኼ ጉም ዓይናችንን ሸፍኖታል። ማን እንደሚመጣ ቡችላዬ ይንገራችሁ። ከሳተ ጅራቱን ከሥሩ ቁረጡት፤ ላሜንም አርቃችሁ ስደዷት።»

መንደርተኛው ነገሩ ደነቀው። «እንየው» አለ። አያ ስንሻውም ካራውን እንደያዘ፣ «እንየው» አለ።

ጥቂት ቆይቶ በጉሙ ውስጥ ኮቴ ተሰማ። መቻል፣ «ሃው!» አለ። አያ ደባልቄ ጅራቱን አየ። «የቤቴ ሰው ናት» አለ። አንጓች ከጉሙ ወጣች።

«አጋጣሚ ነው!» አሉ።

ዳግመኛ ኮቴ ተሰማ። መቻል፣ «ሃው!» አለ። አያ ደባልቄ ጅራቱን አየ። «የማናውቀው ነው፤ ግን ሰው ነው» አለ። አንድ መንገደኛ ከጉሙ ወጣ፤ መንገድ ጠይቆ አለፈ። አሁን «አጋጣሚ ነው» ያለ ጥቂት ነው።

ሦስተኛ ኮቴ ተሰማ። የሚያነክስ ኮቴ ነው። መቻል፣ «ሃው!» አለ። ጅራቱ እንደ ዱላ ደረቀ። አያ ደባልቄ አየ። «ይኼኛው ሰው አይደለም» አለ።

ከጉሙ ውስጥ ኩታውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ እንግዳ ወጣ። ለካ አያ ጅቦ አፉ ስላመለጠው እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ጅራቱ መቆረጡን በዓይኑ ሊያይ መጣ።

የአያ ስንሻው ሦስት ውሾች ያን እንግዳ አይተው ጮኹ። አያ ስንሻው በዱላ መታቸው። «ዝም በሉ! ትናንት ለነፍስ አባቴ ጮኻችሁ፤ ዛሬ ለእንግዳ!» ብሎ በገመድ አሰራቸው። «እንግዳ፣ ይግቡ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው። ደባልቄ፣ እይ! ይኸው ሰው ነው። ቡችላህ ሳተ!»

እንግዳውም በአፍንጫው እንዲህ አለ፦ «ጅራት አይቆረጥ የሚል ሰው አለ ሲሉ በመንገድ ሰማሁ። የአባቶቻችሁን ልማድ አታፍርሱ። ከሥሩ ቁረጡ።»

አያ ደባልቄ ድምፁን አወቀው። ጅብ ነው ብሎ ቢጮህ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እሺ» አለ። «እንግዳው ካሉ ይቆረጥ። ግን ደንገጥ ብዬ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቡችላውን በእጅዎ ይያዙልኝ።»

«እጄ ቁስል ነው» አለ እንግዳው። እጁን ከኩታው አላወጣም።

«እንግዲያው ጉልበትዎ ላይ ላስቀምጠው።»

«ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኛል።»

«ኧረ እንግዲያው ምንም አይደለም። አፍዎን ከፍተው ይመርቁልኝ። ያልተመረቀ አይቆረጥም።»

ምርቃት የሚከለክል እንግዳ የለም። መንደርተኛው ሁሉ «አሜን» ሊል እጁን ዘረጋ። አያ ደባልቄ መቻልን ወደ እንግዳው አፍ አስጠጋው። ሌሎቹንም ሦስት ቡችላዎች አስጠጉ። ሽታቸው አያ ጅቦን አወደው።

«እግዜር…» አለ፤ ምራቁ ጠብ አለ። «እግዜር ያሳ…» አለ፤ ለሃጩ በኩታው ላይ ወረደ። «እግዜር ያሳድ…» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ከሁሉ ቀርቦ የቆመው አያ ስንሻው ጥርሱን አየ። አጥንት የሚሰብር ጥርስ ነው።

«ጥርሱ!» አለ አያ ስንሻው። «ኧረ ጥርሱን እዩ!»

ለጅራት የሳለውን ካራ አነሣና የውሾቹን ገመድ በጠሰው። ሦስቱ ውሾች ተወረወሩ። ጅቦ ኩታውን ጥሎ ሸሸ። ኩታው በአጥሩ እሾህ ላይ ቀረ። በዳለቻዋ ላም አጠገብ ሲያልፍ ሊያሸታት እንኳ ጊዜ አላገኘም። መንደርተኛው ዱላውን ይዞ በጉሙ ውስጥ ተከተለ። ጅቦ ወደ ዋሻው መንገድ ሮጠ፤ ጉሙ ግን ለእሱም ጉም ነው። ሁልጊዜ ዞሮ የሚያልፈው ገደል አፍ ላይ ሲደርስ አላየውም። ወደቀ። የወደቀበት ድምፅ እስከ አባ ዳምጤ ቀፎ ተሰማ ይባላል።

ሰዎቹ ተመለሱ። ውሾቹም ተመለሱ። ላሟን አንጓች በእጇ እየመራች በረት አስገባቻት፤ የከለከላት አልነበረም። ሦስቱን ቡችላዎች ባለቤቶቻቸው አቅፈው ወሰዱ።

የአያ ስንሻው ትልቁ ውሻ እያለከለከ መጣና ከጌታው እግር ሥር ቆመ። ወገቡን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። ጅራት የለውምና ወገቡ ብቻ ተወዛወዘ። አያ ስንሻው ገና ዛሬ ያየው ይመስል አፈጠጠበት።

«ምን ሆኖ ነው ወገቡን እንዲህ የሚያደርገው?» አለ።

«እየነገረህ ነው፣ አያ ስንሻው» አለ አያ ደባልቄ።

«ምን እያለኝ ነው?»

«ደስ አለኝ እያለህ ነው።»

በሬ በቀንዱ የሚጥለው ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቅድም በዱላ የመታውን ጎን በእጁ ዳበሰው። «ስንት ዓመት ሲነግረኝ ኖረ?» አለ። ውሻው ወገቡን አወዛወዘ።

ዳለቻዋ በሳምንቱ ጊደር ወለደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የውሻ ጅራት የቆረጠ የለም። «ሰው ሁሉ ያደርገዋል» የሚል ከመጣም ሽማግሎቹ፣ «ያየ አለ?» ብለው ይጠይቁታል። ካልመለሰ እንዲህ ይሉታል፦

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።»

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውኃ ያለው ያቅምሰኝ።